ስልክሽ ኢንተርኔት እምቢ ሲልሽ፦ መስመሩ ነው ወይስ ፈቃዱ?

ውድ እህታችን፣ በሰው አገር ስልክ ጌጥ እንዳልሆነ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። የእናትሽን ድምፅ የምትሰሚው፣ የላክሽው ብር መድረሱን የምታረጋግጪው፣ የጭንቅ ቀን ቢመጣ ሰው የምትጠሪው በእሱ ነው። ስለዚህ ማታ ሥራ ጨርሰሽ ኢሞ ስትከፍቺ ዝም ብሎ ሲሽከረከር ብታዪ መደንገጥሽ አይገርምም። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፦ ወይ ያገኘውን ሁሉ ይነካካና የባሰ ያበላሸዋል፣ ወይ ደግሞ ስልኩን ከነሚስጥር ቁጥሩ “አስተካክልልኝ” ብሎ ለማያውቀው ሰው ይሰጣል።

ሁለቱም አያስፈልግም። ስልኩ ራሱ ካልተሰበረ በስተቀር ኢንተርኔት እምቢ የሚልበት ምክንያት ሲጠቃለል ሁለት ነው። አንደኛው መስመሩ ነው፤ ከስልክ ኩባንያው ወይም ሳሎን ካለው የዋይፋይ ሳጥን እስከ እጅሽ ያለው መንገድ የሆነ ቦታ ተቋርጧል። ሁለተኛው ፈቃዱ ነው፤ መስመሩ ደርሷል፣ ግን ስልኩ፣ አፑ፣ የስልኩ ባለቤት ወይም ያለሽበት አገር ሕግ “አይቻልም” ብሏል። የትኛው እንደሆነ ከለየሽ ግማሹ ሥራ አለቀ። በየተራ እንያቸው። የምንጠቅሳቸው ቦታዎች ስም ከስልክ ስልክ ትንሽ ይለያያል፤ ሴቲንግ ግን ሁሉም ላይ የጥርስ ጎማ የምትመስለው ምልክት ናት። ስልክሽ በዓረብኛ ከሆነ “ኢዕዳዳት” የሚለው እሱ ነው።

መጀመሪያ ለዪ

አንድ አፕ ብቻ ነው እምቢ ያለው ወይስ ሁሉም? ኢሞ እምቢ ካለ ዩቲዩብ ክፈቺ። ዩቲዩቡ ከሠራ መስመሩ ደህና ነው፤ ችግሩ ኢሞው ላይ ነው ማለት ነው። ሁሉም እምቢ ካሉ መስመሩን እንጠረጥራለን።

ቀጥሎ ዋይፋዩን አጥፍተሽ በሲም ካርድሽ ዳታ ሞክሪ። ከዚያ ዳታውን አጥፍተሽ በዋይፋይ ብቻ ሞክሪ። ሁለቱን አንድ ላይ አብርተሽ ከሞከርሽ የትኛው እንደታመመ አታውቂም። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ፤ የቀየርሽውንም አስታውሺ፣ ካልሠራ ወደ ነበረበት መልሺው።

ሦስት ቀላል ነገሮችን ደግሞ አትዝለያቸው። አንደኛ፣ የአውሮፕላን ምልክት ላይኛው ጥግ ላይ ካለ መስመሩ በሙሉ ተዘግቷል፤ አጥፊው። ሁለተኛ፣ ስልኩን አጥፍተሽ አብሪው። ሦስተኛ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ተመልከቺ። ባትሪው ሙሉ በሙሉ ሞቶ የቆየ ስልክ አንዳንዴ ሲበራ የድሮ ቀን ያሳያል። ቀኑ ከተሳሳተ ብዙ አፖችና ድረ ገጾች “ይህ መስመር አስተማማኝ አይደለም” ብለው አይከፍቱም። ሴቲንግ ውስጥ ቀንና ሰዓትን በራሱ እንዲያስተካክል አድርጊው።

በሲም ካርድ የምትጠቀሚ ከሆነ

ካርድ መሙላትና ፓኬጅ መግዛት አንድ አይደሉም። ሱቅ ሄደሽ ስትጠይቂ “ረሲድ” ያልሽው የስልኩ ሒሳብ ነው፤ “ባቃ” ያልሽው ደግሞ ፓኬጁ ነው። ረሲድ እያለሽ ባቃው ያለቀ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ኩባንያዎች ያን ጊዜ ዳታውን ይዘጉታል፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ከረሲድሽ ላይ በውድ ይቆርጣሉ። ስለዚህ የሞላሽው ካርድ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅብሽ ከሆነ ባቃ እንዳለሽ አረጋግጪ።

ሁለት ሲም የሚወስድ ስልክ ካለሽና የአገር ቤቱን ሲም ሳታወጪ እዚህ የገዛሽውን ከጨመርሽ፣ ሴቲንግ ውስጥ ሲም የሚለውን ክፈቺና ዳታው በየትኛው ሲም እንደተመረጠ እዪ። በኢትዮጵያው ሲም ተመርጦ ከቀረ እዚህ የገዛሽው ባቃ ምንም አይሠራልሽም፤ ኢንተርኔቱ የሚፈልገው በአገር ቤቱ መስመር ነውና። ሮሚንግ የሚለውን ደግሞ ሳታውቂ አታብሪው፤ ዋጋው ከባድ ሊሆን ይችላል።

ባቃው አለ፣ ዳታው በትክክለኛው ሲም በርቷል፣ መደወልም ይቻላል፣ ኢንተርኔት ግን የለም? ያን ጊዜ ኤ.ፒ.ኤን. የሚባለውን እዪ። ኤ.ፒ.ኤን. ማለት ስልክሽ ወደ ኢንተርኔት የሚገባበት የበር ስም ነው። እያንዳንዱ የስልክ ኩባንያ የራሱ በር አለው። አብዛኛውን ጊዜ ሲሙ ሲገባ ስልኩ በራሱ ይሞላዋል፤ ከሌላ አገር የመጣ ወይም ሌላ ሰው የነካካው ስልክ ላይ ግን ሊሳሳት ይችላል። ሳምሰንግ ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ ኮኔክሽንስ፣ ከዚያ ሞባይል ኔትዎርክስ፣ ከዚያ አክሰስ ፖይንት ኔምስ ትገቢያለሽ። ሌሎቹ ላይ ኔትዎርክ ኤንድ ኢንተርኔት በሚለው ሥር ሲሙን ስትነኪ ታገኚዋለሽ። ላይኛው ጥግ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ንኪና ሪሴት ቱ ዲፎልት የሚለውን ምረጪ፤ የኩባንያውን ትክክለኛ ስም ይመልስልሻል። ይህ ፎቶሽንም መልእክትሽንም አያጠፋም። ካልሠራ የኩባንያው ደንበኛ አገልግሎት ደውለሽ ትክክለኛውን ኤ.ፒ.ኤን. እንዲልኩልሽ ጠይቂ። ስትጽፊው አንዲት ነጥብ ወይም ፊደል ብትሳሳቺ በሩ አይከፈትም።

አንዳንዴ ደግሞ እዚህ ቦታ ስትገቢ ምንም ሳያሳይሽ፣ ኤ.ፒ.ኤን. “ለዚህ ተጠቃሚ አይገኝም” የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ወይም በዓረብኛ ይመጣል። ይህ የመስመር ችግር አይደለም፤ የፈቃድ ነው። አንዳንድ አንድሮይድ ስልኮችና ታብሌቶች ላይ እንደ ቤት ሁሉ ባለቤትና እንግዳ አለ። ስልኩ ተከፍቶ ያለው በእንግዳ ወይም በሁለተኛ ተጠቃሚ ስም ከሆነ የመስመሩን ቅንብር መቀየር አትችዪም፤ ባለቤቱ ካልፈቀደም መደወልና አጭር መልእክት መላክ ሊከለከል ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ ዩዘርስ የሚለውን እዪ። ስልኩ ያንቺ ከሆነ ወደ ባለቤቱ ስም ተመለሺ። የማዳም ታብሌት ከሆነ ግን አንቺ አትነካኪው፤ እሷ ትክፈትልሽ።

አንድ ቀን በድንገት መደወልም ኢንተርኔትም አብረው ከቆሙ ሲሙ በማን ስም እንደወጣ አስቢ። በባሕረ ሰላጤ አገሮች ሲም የሚወጣው በመታወቂያ ነው። ሳውዲ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሻራም ትጠይቃለች። ኤምሬትስም ሲሙን ከመታወቂያ ጋር ታያይዛለች። ኢቃማሽ ወይም መታወቂያሽ ጊዜው ካለፈበት መስመሩ ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ የሲሙ መዘጋት የወረቀትሽ አለመታደስ የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላልና ዝም ብለሽ አትለፊው፤ ኢቃማዬ ታድሷል ወይ ብለሽ ጠይቂ።

በቤቱ ዋይፋይ የምትጠቀሚ ከሆነ

የዋይፋይ ምልክቱ አለ፣ ኢንተርኔት ግን የለም እንበል። ምልክቱ የሚያሳየው ስልክሽ ሳሎን ካለው ሳጥን ጋር መገናኘቱን ብቻ ነው። ሳጥኑ ራሱ ከኩባንያው ጋር ተገናኝቷል ማለት አይደለም። የልጆቹ ስልክ ይሠራል? እነሱም ከተቋረጠባቸው ችግሩ ከሳጥኑ ወይም ከኩባንያው ነው፤ ስልክሽን አትነካኪ። ሊባኖስ ውስጥ መብራት ሲሄድ ሳጥኑም አብሮ ይጠፋል፣ ሲመጣም እስኪነሳ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል።

የእነሱ እየሠራ ያንቺ ብቻ ከሆነ ርቀቱን አስቢ። የሠራተኛ ክፍል ብዙ ጊዜ ከኩሽና ጀርባ ወይም ጣሪያ ላይ ነው፤ ሲሚንቶ ግድግዳ ደግሞ ዋይፋይን ያደክማል። ብዙ ሳጥኖች ሁለት ዓይነት ሞገድ ይለቃሉ፤ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ። 5 የሚለው ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ቶሎ ያቆመዋል። 2.4 ቀስ ይላል፣ ግን ራቅ ብሎ ይደርሳል። የቤቱ ዋይፋይ በሁለት ስም ከመጣልሽና አንዱ መጨረሻ ላይ 5 ካለበት፣ ክፍልሽ ሆነሽ ያለ 5ቱን ምረጪ። እሱም ካልረዳ ስሙን ተጭነሽ ፎርጌት በዪውና የይለፍ ቃሉን እንደገና አስገቢ፤ ቤቱ የይለፍ ቃል ቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ሳጥኑን ማስነሳት ካስፈለገ አስፈቅደሽ ከሶኬት ነቅለሽ ግማሽ ደቂቃ ቆይተሽ መልሺው። ከኋላው ያለችውን በመርፌ የምትጫን ትንሽ ቀዳዳ ግን በፍጹም አትንኪ። እሷ ማስነሻ አይደለችም፤ የኩባንያውን ቅንብር ሁሉ የምታጠፋ ናት። የቤቱ ኢንተርኔት በሙሉ ይቆማል፣ ጥፋተኛዋም አንቺ ትሆኛለሽ።

ቀን ቀን እየሠራ ማታ በተወሰነ ሰዓት ብቻ የሚጠፋብሽ ከሆነ ስልክሽ አልታመመም። የዋይፋይ ሳጥን ለአንድ ስልክ ለብቻው ሰዓት መወሰን ይችላል። ይህ ያሰሪዎችሽ ውሳኔ ነውና በሴቲንግ አይፈታም፤ በንግግር ነው የሚፈታው። “ማታ ከቤተሰቦቼ ጋር የማወራበት ሰዓት ስጪኝ” ማለት ነውር አይደለም። ዋይፋዩ የቤቱ ነው፣ ከቤተሰብ ጋር መገናኘት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለምሳሌ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የሊባኖስ የቤት ሠራተኞች ውል ሠራተኛዋ የሚመጣላትን ስልክና ደብዳቤ እንድትቀበል፣ በወር አንድ ጊዜም በአሠሪዋ ወጪ ወላጆቿን እንድታነጋግር ያስገድዳል። የፈረምሽው ውል ምን እንደሚል አስነብቢና እወቂ።

አፑ ፈቃድ አጥቶ ይሆን?

መስመሩ ደህና ሆኖ አንድ ነገር ብቻ እምቢ ካለ ወደ አፑ ፈቃድ እንሂድ። አንድ አፕ ስትጭኚ ማይክ፣ ካሜራ፣ ፎቶ፣ የስልክ ቁጥሮች፣ ያለሽበትን ቦታ “ልጠቀም?” ብሎ ይጠይቅሻል። በችኮላ አንዱን ከከለከልሽው በኋላ እንዲህ ይታያል፦

እነሱ ይሰሙሻል፣ ፊትሽ ግን አይታይም፤ የካሜራ ፈቃድ የለም።

ታዪያቸዋለሽ፣ ድምፅሽን ግን አይሰሙም፤ የማይክ ፈቃድ የለም።

ፎቶ ለመላክ ስትሞክሪ ባዶ ይሆንብሻል፤ የፎቶ ፈቃድ የለም።

ሲደወልልሽ አይጠራም፣ አፑን ስትከፍቺ ብቻ ያመለጠሽ ጥሪ ይመጣል፤ ኖቲፊኬሽን ተዘግቷል፣ ወይም ባትሪ ቆጣቢው ወይም ዳታ ቆጣቢው አፑን አስተኝቶታል።

ለማስተካከል ሴቲንግ ውስጥ አፕስ፣ ከዚያ የአፑን ስም፣ ከዚያ ፐርሚሽንስ ክፈቺ። “አፑን ስጠቀም ብቻ” የሚለውን መምረጥ ይበቃል።

ነገሩ በሌላ በኩልም ይሠራል። የማያስፈልገውን ፈቃድ የወሰደ አፕ ካለ ንጠቂው። የባትሪ መብራት አፕ የእናትሽን ስልክ ቁጥር ምን ያደርግለታል? የቀን መቁጠሪያስ ማይክሽን ለምን ይፈልጋል? አንድሮይድ 12 እና ከዚያ በኋላ ያሉ ስልኮች ካሜራ ወይም ማይክ ሲከፈት ላይኛው ጥግ ላይ አረንጓዴ ምልክት ያሳያሉ። አይፎን ከአይ.ኦ.ኤስ. 14 ጀምሮ ለካሜራ አረንጓዴ፣ ለማይክ ብርቱካናማ ነጥብ ያሳያል። ሳትደውዪና ሳትቀርጺ ምልክቱ ከበራ የትኛው አፕ እንደከፈተው ፈትሺ።

የአገሩ ሕግ የከለከለው

ኤምሬትስ ያላችሁ እህቶች ዋትስአፕ መልእክት ይልካል፣ ጥሪው ግን እምቢ ይላል። ስልክሽ አልተበላሸም። አገሪቱ በኢንተርኔት የሚደረግ ጥሪ የምትፈቅደው ፈቃድ ላገኙ እንደ ቦቲም ላሉ አፖች ነው። በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት መላክ ግን ይቻላል። “ቪፒኤን ጫኚና ይከፈትልሻል” የሚልሽ ሰው ሊኖር ይችላል። የኤምሬትስ ሕግ ቪፒኤንን ወንጀል ለመሥራት ወይም ለመደበቅ በተጠቀመ ሰው ላይ ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም ቅጣት አስቀምጧል። በነጻ የሚታደሉ ቪፒኤኖች ደግሞ የምትልኪው ሁሉ በእነሱ በኩል ስለሚያልፍ በአደራ የሚታመኑ አይደሉም። ስልክሽ ላይ ሳታውቂ የተጫነ ቪፒኤን ካለ ላይኛው ጥግ ላይ የቁልፍ ምልክት ታዪያለሽ፤ አንዳንዴ ኢንተርኔቱን የሚያቋርጠውም እሱ ነው።

ስልኩ በእጅሽ ነው፣ ባለቤቱ ግን ማን ነው?

ከሁሉ በላይ ልብ ልትዪው የሚገባ ይህ ነው። ስልክ የሚታዘዘው ለያዘው እጅ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ለገባው አካውንትም ነው። ማዳም ያገለገለ ስልኳን ብትሰጥሽ፣ ወይም ሱቅ ውስጥ አንድ ልጅ በራሱ ኢሜይል ቢከፍትልሽ፣ ፎቶሽና የያዝሽው ስልክ ቁጥር ወደዚያ ሰው አካውንት ሊሄድ፣ ስልኩ ያለበትም ቦታ ሊታይ ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ አካውንትስ ወይም ጉግል የሚለውን ከፍተሽ የማን ኢሜይል እንዳለ እዪ።

የሌላ ሰው ከሆነ ስልኩን ሙሉ በሙሉ ለማጥፋት አትቸኩዪ። የሰው አካውንት ውስጡ እያለ ከሴቲንግ ውጭ በቁልፎቹ ተጭነሽ ብታጠፊው፣ ሲነሳ የድሮውን ባለቤት የይለፍ ቃል ይጠይቅሻል፤ ካላገኘሽ ስልኩ ድንጋይ ነው። አይፎንም እንዲሁ ነው። ትክክለኛው መንገድ ስልኩን የሰጠሽ ሰው አጠገብሽ ሆኖ አካውንቱን እንዲያወጣ መጠየቅ፣ ከዚያ በራስሽ አዲስ ኢሜይል መክፈት ነው። የይለፍ ቃሉንም ስልኩ ውስጥ ብቻ አታስቀምጪው።

ዋትስአፕን ደግሞ እንዲህ ፈትሺ። ሦስቱን ነጥቦች ነክተሽ ሊንክድ ዲቫይስስ የሚለውን ክፈቺ። አንድ የዋትስአፕ አካውንት ከዋናው ስልክ ውጭ እስከ 4 ሌላ መሣሪያ ላይ ሊከፈት ይችላል። ስልክሽ ተከፍቶ ለግማሽ ደቂቃ ያህል የያዘ ሰው በራሱ ኮምፒውተር አያይዞ መልእክትሽን ቁጭ ብሎ ሊያነብ ይችላል ማለት ነው። የማታውቂው መሣሪያ ካለ ነክተሽ ሎግ አውት በዪው። ቀጥለሽ አካውንት በሚለው ሥር ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ከፍተሽ 6 አኃዝ ያለው የራስሽን ቁጥር አስቀምጪ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የሚከታተልሽ ሰው ያስፈራሻል ብለሽ የምታስቢ ከሆነ፣ ግንኙነቱን ስትቆርጪ እንደሚያውቅ አስቢ። መጀመሪያ የምታምኚውን ሰው በሌላ ስልክ አማክሪ፤ ደህንነትሽ ከስልኩ ይቀድማል።

ሲሙ በአሠሪሽ ስም ከሆነም አስቢበት። ከቤቱ የወጣሽ ቀን ቁጥሩ እዚያው ይቀራል፤ ቆይቶም ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። በራስሽ ስም ሲም ስታወጪ የድሮው ሳይዘጋ ዋትስአፕ ውስጥ ቼንጅ ነምበር በሚለው አካውንትሽን ወደ አዲሱ ቁጥር አዛውሪ።

ለሰው ማሳየት የግድ ከሆነ

ሁሉንም ሞክረሽ ካልሆነ ወደ ስልክ ኩባንያው ቢሮ መሄድ ይሻላል። ሱቅ ከወሰድሽው አጠገቡ ቁሚ፣ የሚስጥር ቁጥሩንም ራስሽ አስገቢ። በአጭር መልእክት የሚመጣልሽን 6 አኃዝ ያለው ኮድ ግን ለማንም አትስጪ፤ “ከኩባንያው ነኝ” ቢልሽም፣ የአገርሽን ቋንቋ ቢናገርም፣ የጓደኛሽ ስልክ ቢሆንም። ያ ኮድ የዋትስአፕሽ ቁልፍ ነው። የወሰደው ሰው በስምሽ ለእናትሽ ጽፎ “ተቸግሬያለሁ ብር ላኩልኝ” ይላል።

ዛሬ ማታ ሌላው ቢቀር ሁለት ነገር አድርጊ። ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ደውዪና የሚመጣውን 15 አኃዝ የስልክሽን መለያ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፊው፤ ስልኩ ቢሰረቅ ፖሊስ ይጠይቅሻል። በዚያው ወረቀት ላይ የቤተሰብሽን፣ የኤምባሲውን ወይም የቆንስላውን ስልክ ጨምሪ። ኢንተርኔትም ረሲድም ባይኖር የፖሊስ ጥሪ ይሠራል፦ ኤምሬትስ፣ ኳታርና ባሕሬን 999፤ ኩዌትና ሊባኖስ 112፤ ዮርዳኖስ 911፤ ኦማን 9999፤ ሳውዲ በሪያድ፣ በመካና በምሥራቁ ክልል 911። ወረቀቱን ከስልኩ ለይተሽ አስቀምጪው። ስልክ ሊሰበር፣ ሊዘጋ፣ ሊወሰድ ይችላል፤ ወረቀት ባትሪም ፈቃድም አይጠይቅም።